ስንት ጊዜ ተደወለልህ?

በዚያ የውሃ መሥሪያ ቤት አንድ ሠራተኛ ከዕረፍት ሲመለስ፣ «እንዴት ከረምክ» ከመባሉ በፊት የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር። «ስንት ጊዜ ተደወለልህ?» ይሉታል። «ሦስት ጊዜ» ካለ ከንፈር ይመጥጡለታል። «አሥራ አንድ ጊዜ» ካለ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። «ኧረ ተዉኝ፣ ምሳ እንኳ አላስበሉኝም» ያለ ሰው ደግሞ ያን ሳምንት በግቢው ውስጥ አረማመዱ ይለወጣል። አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወልዳ ስትመለስ አንድም ስልክ አልተደወለላትም ነበርና፣ ለምን እንደሆነ ሳይነግሯት ጠረጴዛዋን ኮሪደር ላይ አወጡባት ይባላል።

ልጆቼ፣ ይህን ሰምታችሁ በሰው ቤት አትሳቁ። የጓዳውን ቁልፍ የት እንዳኖረች ለምራቷ የማትናገር አማት የለችም? መኪናው ሲያቃስት የትኛውን ብሎን እንደሚያጠብቅ ለባልንጀራው የማይነግር መካኒክስ? «ያለ እኔ አይሆንም» የምትባለው ነገር ጣፋጭ ናት። ስትጣፍጥ ግን የማንን ጉሮሮ እያደረቀች እንደሆነ አይታወቅም።

በስልክ ብዛት ማንም የማይደርስበት አንድ ሰው ነበር። ፊት ለፊት ጋሼ ይሉታል፤ ዞር ሲል ካዝናው። የገባበት ነገር አይወጣም ለማለት ነው። የመሥሪያ ቤቱን የኮምፒውተር መስመር ከመጀመሪያው ገመድ ጀምሮ የዘረጋው እሱ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከእሱ ሥር የምትሠራ አንዲት ቴክኒሺያን ነበረች። ስሟን የምትጠራው እናቷ ብቻ ናት፤ ግቢው ያወጣላት ክብሪት ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲጭሯት ቦግ የምትል። ታሪኩ የእሷ ነው።

በተቀጠረች በሁለተኛው ሳምንት ካዝናው ወደ ማሽን ክፍሉ ይዟት ገባ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው በሩ ላይ ይቀራል። በብረት መደርደሪያው ላይ ስዊች የሚሉት ማሽን ተቀምጧል፤ የግቢው ገመድ ሁሉ እሱ ላይ ይሰካል። ከታች ያለው ውሃ ገፊ ሞተርና ከጉብታው ላይ ያለው የውሃ ጋን የሚነጋገሩትም በእሱ በኩል ነው። ጋኑ «ሞልቻለሁ» ሲል ሞተሩ ይቆማል፤ «ጎድያለሁ» ሲል ይነሳል።

«ይቺን ቀዳዳ አየሻት?» አለ ካዝናው፣ ከሌሎቹ ተለይታ ጥግ ላይ ያለችውን እያሳያት። «ኮንሶል ትባላለች። በደኅናው ቀን እኔ ማሽኑን ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ በመስመሩ በኩል አዘዋለሁ። መስመሩ ራሱ የሞተ ቀን ግን በፊት በር መግባት የለም። ያን ቀን ላፕቶፕሽን ይዘሽ እዚህ ድረስ ትመጫለሽ፣ ይኼን ሰማያዊ ገመድ ትሰኪያለሽ፣ ከማሽኑ ጋር ጆሮ ለጆሮ ትነጋገሪያለሽ። የጓሮ በሩ እሷ ናት።»

«በቃ? ሌላ ምንም አይፈልግም?»

«ፍጥነት ይፈልጋል። ማሽኑ በሚናገርበት ፍጥነት ላፕቶፑ ካላዳመጠ የሚባለው ነገር አይገባውም። ዘጠኝ ሺ ስድስት መቶ ነው።»

«ሌላ ቁጥር ቢሆንስ?»

ካዝናው ሳቀባት። «አፍንጫሽ ሌላ ቦታ ቢሆንስ? ከፋብሪካው ሲወለድ እንዲያ ሆኖ ነው። አይለወጥም!»

ክብሪት ደብተሯ ላይ ጻፈችው። «አይለወጥም» የሚለውን ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት። አስተማሪዋ ነውና አመነችው። ይህቺን መስመር አስታውሱልኝ።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት አለፈ። በአራቱ ዓመት ክብሪት አምፖል ትቀይራለች፣ የጸሐፊዎችን ማተሚያ ታራግፋለች፣ የሥራ አስኪያጁን ስልክ ትጠግናለች። ስዊቹ ዘንድ ስትጠጋ ግን ካዝናው ከኋላዋ ይደርሳል። «ተይው እኔ አየዋለሁ።» የኮንሶል ገመድ ስትጠይቀው «ያለን አንድ ነው፣ እሱም ከኔ ጋር ነው» ይላታል። ገመዱ በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍ ከቤቱ ቁልፍ ጋር ወገቡ ላይ ነው።

በዚያ ዓመት ካዝናው ዓይኑን መታከም ነበረበት። ሞራ ጋርዶታል፤ ሐኪሞቹ ዛሬ ነገ ሲሉት ቆይተው ቀን ቆረጡለት። በሄደበት ዕለት ክብሪት በሩ ድረስ ሸኘችው።

«ጋሼ፣ ሊነግሩኝ የሚገባ ነገር ካለ አሁኑኑ ይንገሩኝ። ደብተሬን ይዣለሁ።»

«ምን ቀረሽ? ሁሉን አሳይቼሻለሁ» አላት። ደግሞም ፈገግ ብሎ፣ «ካስፈለገም ደውሉ። ስልኬ ባለቤቴ ዘንድ ነው። አትፈሩ፣ ደውሉ» አለ። እንዲህ ሲል ድምፁ ውስጥ የነበረውን ነገር እሷ አውቃዋለች። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት እያለ ከወዲሁ ይቆጥር ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ሁሉ ቢሮው ገብቶ ወንበሩን ሳያሞቅ፣ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋና ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ አምፖሉ በራ። መስመሩ ግን አልተነሳም። ከታች ያለው ሞተር ከጋኑ የሚሰማው ነገር ሲጠፋበት፣ እንደተማረው፣ ዝም ብሎ ቆመ። በእጅ ማስነሳት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አምና በእጅ ሲነዳ ሞተሩ ተቃጥሎ ከተማው ሳምንት ሙሉ ተጠምቶ ነበርና፣ ሥራ አስኪያጁ በእጅ መንካትን በደብዳቤ ከልክሏል።

መጀመሪያ የደወሉት የጋኑ ዘበኛ ናቸው። ጉብታው ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋኑን በከዘራቸው እያንኳኩ ልኩን ያውቁታል።

«ልጄ፣ ድምፁ ተለውጧል» አሏት። «እንደ ባዶ ከበሮ ነው የሚለው። ማታ የነበረው ውሃ አልቋል፣ ላይኛው ሰፈር ቧንቧው ማፏጨት ጀምሯል።»

ክብሪት ከወንበሯ ላይ ሆና ማሽኑን በመስመር ጠራችው። አይመልስም። የፊት በሩ ተዘግቷል ማለት ነው። የቀረው የጓሮ በር ነው፤ የጓሮ በሩ ገመድ ደግሞ ካዝናው መሳቢያ ውስጥ ነው።

«መሳቢያውን ልሰብር ነው» አለችው ሥራ አስኪያጁን።

«ኧረ በሕግ አምላክ! የሰው ጠረጴዛ? ደውለሽ አስፈቅጂ እንጂ።»

«እሱ ሐኪም ቤት፣ እኔ ፈቃድ ጥበቃ፣ ሕዝቡ ባዶ ጀሪካን! ደብዳቤ ይጻፍብኝ!» አለችና ጠፍጣፋ መፍቻ ሰክታ መሳቢያውን ገነጠለችው።

በውስጡ አንድ ሰማያዊ ገመድ አልነበረም። ስምንት ነበር። ስምንት ገመድ፣ እንደ ሕፃን ጨርቅ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ ገሚሱ ከነላስቲኩ ያልተፈታ። ክብሪት ለአፍታ አየቻቸው። አራት ዓመት ሙሉ «ያለን አንድ ነው» ስትባል የኖረችው ታወሳት፤ ፊቷ ቦግ አለ። ቢሆንም ሰዓቱ የመቆጫ ሰዓት አልነበረም።

ከመደርደሪያው ሥር በርከክ ብላ ገመዱን ሰካች። ዘጠኝ ሺ ስድስት መቶ። አስገባ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ነገር ቋንቋ አይደለም፤ የጥያቄ ምልክት፣ ሣጥን፣ ግማሽ ፊደል፣ ዶሮ የጫረችው መሬት። ነቅላ ሰካች። ያው። ሥራ አስኪያጁ የይለፍ ቃሉ የታሸገበትን ፖስታ ከቢሮው እየሮጠ አመጣላት፤ ፖስታው ትክክል ነበር፣ ማኅተሙም ትክክል ነበር። ግን የማይሰማሽን ሰው የሚስጥር ቃል ብትነግሪው ምን ይጠቅማል?

ስልኳ ጮኸ። የላይኛው ሰፈር ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት።

«እህቴ፣ ውሃው መቼ ነው የሚመጣው? እውነቱን ንገሪኝ። አንዲት ወላድ ምጥ ይዟታል። እጄን የምታጠብበት የለኝም። መሣሪያ የምቀቅልበት የለኝም።»

«እስከ መቼ ትጠብቂኛለሽ?»

«እኔ እጠብቅሻለሁ፤ ሕፃኑ ግን አንቺን የሚያውቅ አይመስለኝም።»

ክብሪት ያኔ ወደ ካዝናው ደወለች። ባለቤቱ አነሱ።

«ይኸው! ሦስት ቀን እንኳ አልሞላም!» አሉ፤ ቁጣ ይሁን ኩራት አይለይም። «ያለሱ መላ የላችሁም እኮ! ዓይኑ ታሽጓል፣ ትናንት ነው የተሠራው።»

«እትዬ፣ በእግዜር፣ ጆሮው አልታሸገም። ስልኩን ጆሮው ላይ ያድርጉልኝ።»

ካዝናው ድምፁ ደካማ ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገረችው፤ መብራቱን፣ መሳቢያውን፣ ዶሮ የጫረችውን። ከዚያ፣

«ገመዱ ይሆናላ» አላት። «ገመድ ይበላሻል። በሌላ ሞክሪ።»

«ስምንቱንም?»

«ሞክሪ። አንዱ ይሠራል። ካልሆነም ከነገ ወዲያ ዓይኔ ሲፈታ እመጣለሁ።»

አስተማሪዋ ነውና አሁንም አመነችው። አንደኛውን ገመድ ፈታች፣ ሰካች፣ ማሽኑን አጥፍታ አበራች፣ እስኪነሳ ጠበቀች፤ ዶሮ ጫረች። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ማሽኑ አንድ ጊዜ ለመነሳት ሰባት ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። በመካከሉ የሰው ላፕቶፕ ለመነች፣ የጸሐፊዋን፣ የሥራ አስኪያጁን። ጉልበቷ ሲሚንቶው ላይ ደነዘዘ። ሰባተኛው ገመድ ላይ ስትደርስ ከጀመረች ሁለት ሰዓት ሊሞላት ነበር።

አዋላጇ ደግማ ደወለች። በዚህ ጊዜ አልለመነችም።

«ላክኋት» አለች። «ውሃ ስለሌለ ወደ ታች ሆስፒታል በመኪና ላክኋት። መንገዱን ታውቂዋለሽ። እንዲህ ሆና መንቀሳቀስ አልነበረባትም። ይኼን እንድታውቂው ነው የደወልኩት።» ስልኩን ዘጋች።

ክብሪት ስምንተኛውን ገመድ በእጇ ይዛ ቀረች። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ማሽኑ ተቃጥሏል ማለት ነው። ወይም አንቺ ስትነካኪው አበላሽተሽዋል። ከሁለቱ አንዱን ልጽፍ ነው» እያለ ነበር።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። ካዝናው ራሱ ነው የደወለው።

«ክብሪት።» ከዚያ በፊት በዚህ ስም ጠርቷት አያውቅም። «ገመዱ አይደለም። ፍጥነቱ ነው።»

«ፍጥነቱ አይለወጥም አላሉኝም?»

«ይለወጣል።»

ክብሪት ስምንተኛውን ገመድ መሬት ላይ ጣለችው።

«የዛሬ አምስት ዓመት» አለ ካዝናው፣ «አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የይለፍ ቃሉን በፖስታ አሽጌ እንድሰጥ አዘዘኝ። ሰጠሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው ፖስታውን ቀዶ በእኔ ቦታ እንደሚቀመጥ ታየኝ። አናደደኝ። የኮንሶሉን ፍጥነት ቀየርኩት። የይለፍ ቃሉ ቢኖራቸው እንኳ ማሽኑ የሚለው እንዳይሰማቸው። አንቺ የመጣሽው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ቁጥሩን ይንገሩኝ።»

«ያን ጊዜ እኮ...»

«ጋሼ! ቁጥሩን!»

«አላስታውሰውም።»

ካዝናው ባዶ ነበር! ልጆቼ፣ ስሙኝ። ሰውዬው ሰው ሁሉ እንዳይከፍት የቆለፈውን ራሱም መክፈት አይችልም ነበር። ቁጥሩን የሚያስታውስለት አሮጌው ላፕቶፑ ነበር፤ ላፕቶፑ ባለፈው ወር ሞቶ ተጥሏል። አንድ ወር ሙሉ ቁጥሩ እንደጠፋበት እያወቀ፣ ሲናገር ስለሚያፍር፣ ዝም ብሎ ቆይቷል። ለሕክምና ሲወጣም «ሁሉን አሳይቼሻለሁ» ብሎ ሄዷል። ሲደወልለትም፣ እውነቱን ከመናገር ስምንት ገመድ ማስቀየር ቀሎታል።

ክብሪት ያለችውን ሁሉ አልጽፈውም፤ ጸያፉን ትቼ ልንገራችሁ። «እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኬ ገመድ ስነቅል፣ እርስዎ እዚያ ተኝተው ያውቁ ነበር! ያቺ ሴትዮ ምጧን ይዛ በጠጠር መንገድ ላይ ናት! እርስዎ እንዳያፍሩ! እርስዎ እንዳያፍሩ ተብሎ ነው መንገድ ላይ ያለችው!»

ካዝናው አልተከራከረም። «ፊደሎቹ ይንፏቀቁ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ጊዜ ስከፍተው ጽሑፉ እያዘገመ ነበር የሚወጣው፤ አስታውሳለሁ፣ ያናድደኝ ነበር። ወደ ታች ሂጂ። ወደ ትንሹ።»

ስልኩን መሬት አስቀምጣ ወደ ታች ሄደች። አራት ሺ ስምንት መቶ፤ ዶሮ። ሁለት ሺ አራት መቶ፤ ዶሮ። አንድ ሺ ሁለት መቶ። አስገባ።

ከስክሪኑ ጥግ አንድ ፊደል ወጣ። ትክክለኛ ፊደል። ከኋላው ሌላ፣ ከኋላው ሌላ፤ ውሃ የተቋረጠበት ቧንቧ መልሶ ማንጠባጠብ ሲጀምር እንደሚያደርገው፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ ማሽኑ ስሙን ጻፈ። የይለፍ ቃሉንም ጠየቃት።

የተረፈው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ካዝናው ከመሄዱ በፊት በነበረው ቀን በማሽኑ ላይ የለወጠውን ነገር ሳያስቀምጥ ትቶት ነበርና፣ መብራቱ ሲጠፋ ማሽኑ ረስቶታል፤ የጋኑንና የሞተሩን መንገድ አያውቀውም። ካዝናው በስልክ ነገራት፣ እሷ ጻፈችው፣ አስቀመጠችው። ከታች ሞተሩ ሲያጉረመርም የቢሮው መስኮት ተንቀጠቀጠ። ትንሽ ቆይቶ የጋኑ ዘበኛ ደወሉ።

«መጣ! ልጄ፣ መጣ! ከበሮው ዝም አለ!»

ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። ከአፍታ በፊት ሊጽፍባት የነበረውን ረስቶ፣ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር! ያላንቺ እኮ አይሆንም!» አላት። ጸሐፊዎቹ ከበሩ ላይ አጨበጨቡላት። አራት ዓመት አምፖል ስትቀይር የኖረች ልጅ ናት፤ ጣፈጣት።

ሁሉም ሲሄዱ ብቻዋን ከማሽኑ ጋር ቀረች። ከሥራ አስኪያጁ ጀምሮ የፍጥነቱ ነገር ለማንም አልገባም። ለካዝናውም በስልክ ሲያስጽፋት የትኛው ቁጥር እንደሠራ አልነገረችውም። አሁን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ክፉ ሐሳብ ያኔ ነው የመጣባት። ለምን ሌላ ቁጥር አላደርገውም? ዓይኑ ተፈትቶ ሲመጣ እዚህ ይንበርከክ። ስምንቱን ገመድ ይቀያይር። ዶሮዋን ይያት። «ክብሪት፣ እባክሽ» ብሎ ደጄ ይጥና። ትእዛዙን ጻፈችው፤ ቁጥሩንም አስገባች፤ አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ቀራት።

አዋላጇ በሦስተኛ ጊዜ ደወለች።

«ውሃው መጥቷል» አለች። ድምፅዋ ደክሟል። «ሴትዮዋ ጠመዝማዛው ጋ ስትደርስ እመኪናው ውስጥ ወለደች። ልጁ ደኅና ነው። እሷ ግን ብዙ ደም ፈሷታል። ሆስፒታል ናት፤ ትተርፋለች ብለዋል፤ ሌላ ልጅ ግን አትወልድም። እንደሱ ነው ያሉኝ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው።»

ክብሪት ስልኩን ስትዘጋ ጣቷ አሁንም ቁልፉ ላይ ነበር። ስክሪኑን አየችው። የጻፈችውን ቁጥር አየችው። ይህን የጻፈ እጅ የካዝናው እጅ እንጂ የእሷ አልመሰላትም። ደግሞም የእሷ ነበር። ቁጣዋ ከእሱ ላይ ዞሮ ወደ ራሷ ሲመጣ ተሰማት፤ የዚያን ጊዜው ከሁሉም ይበልጥ አቃጠላት።

ቁጥሩን ደለዘችው። ዘጠኝ ሺ ስድስት መቶ ብላ ጻፈች፤ አስቀመጠችው። ከመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ነጭ ፕላስተር ቆርጣ ማሽኑ ግንባር ላይ ለጠፈች፤ በማርከር እንዲህ ብላ ጻፈችበት፦ «የኮንሶል ፍጥነት 9600። የለወጠ ሰው እዚህ ይጻፍ።» ከመደርደሪያው ጎን ምስማር መታች፤ ሁለት ሰማያዊ ገመድ ሰቀለችበት።

ካዝናው በሦስተኛው ሳምንት ጥቁር መነጽር አድርጎ ተመለሰ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ቀልደኛ ነው፤ በልማድ አፉ አመለጠውና፣ «ጋሼ፣ ስንት ጊዜ ተደወለልዎ?» አለ።

«አንድ ጊዜ» አለ ካዝናው። «እሷኑም ዋሸሁባት።»

ማሽን ክፍሉ ገባ። ክብሪት እዚያ ነበረች። መነጽሩን አውልቆ፣ በአዲሱ ዓይኑ ፕላስተሩን ለረዥም ጊዜ አነበበው።

«ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር» አላት።

«ሰድቤዎታለሁ፤ በስልክ። አልበቃኝም።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።»

«እኔን ምን አደረጉኝ? ጉልበቴ ነው የተላጠው፤ ድኗል። ይቅርታዎን የሚወስድ ሰው ሌላ ነው።»

«ሆስፒታል ሄጄ ነበር» አለ ካዝናው፣ ዓይኑን ከፕላስተሩ ሳያነሳ። «ለመጨረሻ ምርመራ በሄድኩበት ቀን ክፍሏን ጠይቄ ገባሁ። ከውሃ መሥሪያ ቤት ነኝ አልኳት። አመሰገነችኝ። ‹እናንተም ደክማችኋል፤ ውሃው በመምጣቱ እግዜር ይስጥልኝ› አለችኝ። ልጁን አሳየችኝ።»

«ነገሯት?»

«አልቻልኩም።»

«እንግዲያው ሐኪሞቹ ገና አልጨረሱልዎትም» አለችና ጥላው ወጣች።

በማግስቱ ሥራ አልገባም። ሄዶ ነገራት። ሴትዮዋ ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም፤ በዚያ ካዝና ውስጥ የቀረ ነገር ቢኖር ያቺ ብቻ ናት። ከተመለሰ በኋላ ግን ደብተር ገዛ። ክብሪትን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከሰካው ገመድ ጀምሮ፣ የሚያውቀውን ሁሉ ጻፈ፤ የረሳውንም «ረስቻለሁ» ብሎ ጻፈ። መሥሪያ ቤቱ ባሉት አምስት የውሃ ጣቢያዎች ሁሉ እየዞረ በየማሽኑ ግንባር ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፈ። ክብሪት ቶሎ አላረፈችለትም። እየተቆጣች ተማረች፣ እየተቆጣች ጻፈች። ቁጣዋን ማንም አልከለከላትም፤ ተገቢ ነበርና።

ወገኖቼ፣ ዕውቀት ሸሽጎ የሚኖር ሰው ራሱን ብርቱ አድርጎ ያያል። ብርቱ አይደለም፤ ፈሪ ነው። ያለ እሱ ሥራው ከሄደ እሱ ምን እንደሆነ አያውቀውም፤ ስለዚህ ሥራውን ራሱን ያስረዋል። የታሰረው ሥራ ደግሞ የሌላ ሰው ውሃ ነው፣ የሌላ ሰው መድኃኒት ነው፣ ስሙን የማያውቀው ሰው ምጥ ነው። የምታውቁትን ተናገሩ። ጻፉት፣ ለጥፉት። ስታውቁ ብቻ አይደለም፤ ስትረሱም ተናገሩ።

በተከታዩ ዓመት ክብሪት የዓመት ዕረፍቷን ወጥታ እናቷ ዘንድ ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ስልኳን ደጋግማ አየችው። በሁለተኛው ቀን ድምፁን ከፍ አደረገችው። በሦስተኛው ቀን እናቷ፣ «ምን ሆነሻል፣ ስልክ ጠፋብሽ?» አለቻት። ስልክ ስላልተደወለላት ቅር እንዳላት ክብሪት ያኔ ገባት፤ አፈረችም፣ ሳቀችም።

ስትመለስ የበሩ ዘበኛ አላሳለፋትም።

«እመቤቴ፣ ስንት ጊዜ ተደወለልሽ?»

«አንድም» አለች ክብሪት።

ዘበኛው ከወንበሩ ተነስቶ ቆመላት።